ካሜራው ያላየው ፊት፦ ቀዳዳ፣ ጊዜና የብርሃን ልኬት በቆቦ የቀትር ፀሐይ

የፍልሰታ ጾም በተፈታበት በነሐሴ 16 ቀን በሰሜን ወሎና በአጎራባች አካባቢዎች የልጃገረዶች ጨዋታ ይጀመራል። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው ይህ በዓል በራያ ቆቦ ስሙ ሶለል ነው። ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ዐይናቸውን ተኩለው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ። ካሜራ ወይም የእጅ ስልክ የያዘ ሁሉ ይህን ቀን በሥዕል ለማስቀረት ይሞክራል።

ከዓመታት በፊት እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። በቀትር ላይ አክስቴንና የልጅ ልጃቸውን በደጃፋቸው ጎን ለጎን አቁሜ ዲጂታል ካሜራዬን በአውቶማቲክ እንዳለ አነሣኋቸው። ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ ሲወጣ ነጩ ቀሚስ አመድማ ሆኗል፤ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ዐይናቸው በነበረበት ቦታ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ይታያል። አክስቴ አዩትና፣ «ልብሳችንንስ አነሣኸው፤ እኛ ታዲያ የት አለን?» አሉኝ። እኔም ሌላ ጊዜ በደንብ አነሣችኋለሁ ብዬ አለፍሁት። በሚቀጥለው ነሐሴ አክስቴ በሕይወት አልነበሩም።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። የብርሃንን ፊዚክስ በሰሌዳ ላይ እያስተማርሁ፣ በእጄ የያዝሁትን መሣሪያ ግን ያለ ጥያቄ ያመንሁት እኔ ነበርሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሥዕል ስሕተት ደረጃ በደረጃ እየመረመረ፣ ካሜራን በእጅ ማስተካከል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ይሞክራል። የሚያስፈልገው ሒሳብ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

ቀዳዳው ለምን በክፍልፋይ ይጻፋል?

ካሜራ በመሠረቱ ጨለማ ሣጥን ነው። በአንድ በኩል ሌንስ፣ በሌላው በኩል ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዳሳሽ (ሴንሰር) አለው። በሌንሱ ውስጥ እንደ ዐይናችን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ ይገኛል፤ ይህም አፐርቸር ይባላል። በዳሳሹ ላይ የሚያርፈው የብርሃን ድምር ኤክስፖዠር ሲባል፣ የሚወሰነውም በሁለት ነገሮች ነው፤ ብርሃኑ ምን ያህል ደምቆ ዳሳሹ ላይ እንደሚደርስና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያርፍ።

ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባው የቀዳዳው አጻጻፍ ነው። ኤፍ/2፣ ኤፍ/4፣ ኤፍ/8 ሲባል ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ኤፍ» የሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲሆን አጻጻፉም ማካፈልን ያመለክታል። የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ በኤፍ/2 ላይ የቀዳዳው ዲያሜትር 25 ሚሊ ሜትር ነው። በኤፍ/4 ላይ 12.5፣ በኤፍ/8 ላይ ደግሞ 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ታዲያ ዲያሜትሩን በቀጥታ በሚሊ ሜትር መጻፍ አይቀልም ነበርን? አይቀልም። ሁለት ሌንሶች እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ አላቸው እንበል፤ የአንዱ የትኩረት ርቀት 50፣ የሌላው 100 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ከአንድ ፊት የሚቀበሉት ብርሃን እኩል ነው። ነገር ግን የሁለተኛው ሌንስ ምስል በቁመትም በወርድም እጥፍ ስለሆነ ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ይበተናል፤ ድምቀቱም ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ድምቀትን የሚወስነው ቀዳዳው ብቻውን ሳይሆን የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ሌንስ ኤፍ/2፣ ሁለተኛው ኤፍ/4 ላይ ናቸው ማለት ነው። ኤፍ/8 ከተባለ፣ ሌንሱ ረዥምም ይሁን አጭር፣ ዳሳሹ ላይ የሚደርሰው ድምቀት አንድ ነው።

በሌንስ ላይ የምናነበው ቅደም ተከተል 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመው በ1.414፣ ማለትም በሁለት ስኩዌር ሩት፣ ተባዝቶ የተገኘ ነው። ዲያሜትሩ በ1.414 ሲካፈል የቀዳዳው ስፋት በግማሽ ይቀንሳል፤ ብርሃኑም እንዲሁ። ይህን የግማሽ ወይም የእጥፍ ለውጥ በዚህ ጽሑፍ «እርከን» እያልን እንጠራዋለን።

ጊዜ፣ ፎቶንና አይኤስኦ

ሁለተኛው መቆጣጠሪያ መከለያው (ሸተር) የሚከፈትበት ጊዜ ነው። 1/125፣ 1/250፣ 1/500 ሰከንድ እየተባለ ይሄዳል፤ እዚህም እያንዳንዱ እርከን የብርሃኑን ድምር በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ቀዳዳውን አንድ እርከን ከፍተን ጊዜውን አንድ እርከን ብናሳጥር የብርሃኑ ድምር አይለወጥም። ኤፍ/8 በ1/500 ሰከንድ እና ኤፍ/5.6 በ1/1000 ሰከንድ ለዳሳሹ የሚሰጡት ብርሃን እኩል ነው። ሥዕሉ ግን አንድ ዓይነት አይሆንም። ከበሮ የምትመታ ልጃገረድ እጅ በሰከንድ ሁለት ሜትር ይንቀሳቀሳል ብንል፣ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ 33 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ በሥዕሉም ላይ ጭጋግ ይሆናል። በ1/500 ሰከንድ የሚጓዘው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጣቶቹ ተለይተው ይታያሉ።

ሦስተኛው ቁጥር አይኤስኦ ነው። ብዙዎች አይኤስኦ ሲጨምር ካሜራው ተጨማሪ ብርሃን የሚያገኝ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። አይኤስኦ ዳሳሹ ከተቀበለው በኋላ ምልክቱ ምን ያህል ጎልቶ እንዲታይ የሚወስን ነው፤ ድምፅ ማጉያ የተናጋሪውን ድምፅ እንደሚያጎላው ሁሉ፣ አብሮ ያለውን ጫጫታም ያጎላዋል።

ጫጫታው ከየት ይመጣል? ብርሃን በፎቶኖች፣ ማለትም በተናጠል ቅንጣቶች ይደርሳል፤ አደራረሱም እንደ ዝናብ ጠብታ የዕድል ነው። በአንድ የምስል ነጥብ (ፒክስል) ላይ በአማካይ 10,000 ፎቶኖች ቢያርፉ፣ የተፈጥሮ መዋዠቁ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 100 ያህል ነው፤ ይህም አንድ በመቶ ነው። 100 ፎቶኖች ብቻ ቢያርፉ ግን መዋዠቁ 10፣ ማለትም ዐሥር በመቶ ይሆናል። የጠቆረ ፊትን በኋላ በኮምፒዩተር ስናበራው አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ያልደረሰን ፎቶን የትኛውም ፕሮግራም መልሶ ሊያመጣው አይችልም።

ፀሐይ በአናት ላይ

አሁን ወደ ቆቦ እንመለስ። ቆቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል በአናት ላይ ታልፋለች፤ አንዱ በሚያዝያ አጋማሽ ሲሆን ሌላው በነሐሴ አጋማሽ፣ ልክ ሶለል በሚገባበት ሰሞን ነው። ነሐሴ 16 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ፣ ደመና ከሌለ፣ ቀጥ ብሎ የተተከለ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ፀሐይ ከአናት 33 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትገኝ ወደ ደቡብ የዞረ ፊት ብርሃን ያገኛል። በሶለል ቀትር ግን ብርሃኑ ግንባርንና ትከሻን መትቶ የዐይንን ጉድጓድ ይዘልለዋል። የአክስቴ ሥዕል የመጀመሪያው ችግር ይህ ነበር።

የቀትር ፀሐይ ለፎቶ አንሺ አንድ በጎ ጠባይ አላት፤ በጥርት ቀን ድምቀቷ ብዙም አይለዋወጥም። በመሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ያለ ምንም መለኪያ የሚጠቀሙበት ደንብ ነበራቸው፤ በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን ኤፍ/16 አድርግ፣ ጊዜውን አንድ ለአይኤስኦ ቁጥሩ አድርግ። አይኤስኦ 100 ከሆነ ኤፍ/16 በ1/100 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በእርከን ሒሳባችን ይህ ከኤፍ/8 በ1/500 ሰከንድ ጋር እኩል ነው። ፀሐይን ስስ ደመና ሲጋርዳት አንድ እርከን፣ ሰማዩ ሲዳምን ሁለት፣ ጥቅጥቅ ያለ የክረምት ደመና ሲሆን ሦስት እርከን እንጨምራለን። በጠራ ቀን በዛፍ ወይም በቤት ጥላ ሥር ያለን ሰው ስናነሣ ደግሞ አራት ያህል እርከን ያስፈልጋል።

ዐይናችን ይህን ልዩነት ሳያሳውቀን ስለሚለማመድ ልኬቱን ለመገመት ይቸግረናል። 100 ሉክስ ያህል ብርሃን ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን በበሩ ወደ ውጭ ስንመለከት ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ፣ ማለትም ዐሥር እርከን ገደማ ነው።

ካሜራው ዓለምን ግራጫ ናት ብሎ ይጀምራል

ሁለተኛው ችግር ከፀሐይ አይደለም፤ ካሜራው በውስጡ ይዞት ከተሠራው ግምት ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየው ከነገሮች ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን ነው። ከፊቱ ያለው ነጭ ጨርቅ በጥላ ውስጥ ይሁን ጥቁር ጨርቅ በፀሐይ ላይ፣ ለመለየት የሚያስችለው ነገር የለውም። ስለዚህ መሠረታዊው መለኪያ ያየው ሁሉ በአማካይ ግራጫ፣ በተለምዶ አነጋገር የሚያርፍበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ነው ብሎ ይነሣና ኤክስፖዠሩን በዚያ ላይ ይወስናል። የቅርብ ጊዜ ካሜራዎችና ስልኮች ፊትን ለይተው ለማረም ቢሞክሩም፣ የሚነሡት ከዚሁ ዓይነት ግምት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ንጹሕ ነጭ ጥጥ 80 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል እንበል። የጠይም ፊት ደግሞ 9 በመቶ ይመልሳል እንበል። በሥዕሉ ውስጥ አብዛኛውን ቦታ የያዘው ነጩ ልብስ ከሆነ፣ መለኪያው 80ውን ወደ 18 ለማውረድ ብርሃኑን በ4.4 ያካፍለዋል፤ ይህም ከሁለት እርከን ጥቂት ይበልጣል። ነጩ ልብስ አመድማ የሆነው በዚህ ነው። ያው ማካፈል ግን ለፊቱም ይደርሰዋል፤ 9 በመቶ የነበረው 2 በመቶ ይሆናል። የዐይን ጉድጓድ በአናት ፀሐይ ምክንያት የሚያገኘው ብርሃን የግንባር ሩብ ብቻ ነው ካልን፣ እርሱ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። ከመካከለኛው ግራጫ በታች አምስት እርከን መሆኑ ነው። «እኛ ታዲያ የት አለን?» ለሚለው የአክስቴ ጥያቄ የፊዚክስ መልሱ ይህ ነበር።

ምናልባት ፊቱን ብቻ መለካት መፍትሔ ይመስል ይሆናል። መለኪያው 9ኙን ወደ 18 ለማድረስ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ልብሱ 160 ይሆናል። ዳሳሹ ከ100 በላይ ያለውን መመዝገብ ስለማይችል የቀሚሱ ጥልፍና እጥፋት ጠፍቶ ባዶ ነጭ ብቻ ይቀራል።

ትክክለኛው መንገድ የሚመለሰውን ሳይሆን የሚያርፈውን ብርሃን መነሻ ማድረግ ነው። የኤፍ/16 ደንብ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ስለ ፀሐይ እንጂ ስለ ልብስ ወይም ስለ ቆዳ የሚናገረው ነገር የለውም። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ/8፣ 1/500 ሰከንድ ብለን በእጃችን ብንወስን፣ 80ው 80፣ 9ኙም 9 ሆነው ይመዘገባሉ። የኔ ካሜራ በአውቶማቲክ የመረጠው ከዚህ ሁለት እርከን የጨለመ፣ 1/2000 ሰከንድን የሚያህል ነበር።

የደንቡ ቁጥር ቢጠፋብን መዳፋችን አለልን። የመዳፍ ቆዳ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም፤ ከግራጫው አንድ እርከን ያህል ይደምቃል። መዳፋችንን የሚነሣው ሰው ባለበት ብርሃን ውስጥ ዘርግተን እርሱን ብቻ ለክተን፣ ከዚያ አንድ እርከን ብንጨምር ወደ ትክክለኛው መጠን እንቀርባለን።

የመለኪያው መለኪያ ማን ነበር?

ማንኛውም መለኪያ መነሻ ይፈልጋል፤ መነሻውን የሚመርጠው ደግሞ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ሚዛንን የሚያስተካክሉት በኮዳክ የማመሳከሪያ ሥዕል ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ካርዱም «ሸርሊ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። የእርሷ ቆዳ በትክክል ከወጣ ሥራው ተስተካክሏል ይባል ነበር። ጠይም ፊት ከነጭ ልብስ ወይም ከነጭ ሰው ጋር ሲነሣ ዝርዝሩ ቢጠፋ የሚቆጠር ጉድለት አልነበረም። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉባቸው ካርዶች የተስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

ይህን የምናነሣው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሊይዘው የሚገባ የሳይንስ ትምህርት ስላለበት ነው፤ የመሣሪያ ንባብ ምንጊዜም በካሊብሬሽኑ ውስጥ ያለውን ግምት ተሸክሞ ይመጣል። በቤተ ሙከራ ያለው ቴርሞሜትርም፣ በሆስፒታል ያለው መመርመሪያም፣ በኪስ ያለው ስልክም ከዚህ ነጻ አይደሉም።

የጥራት ጥልቀትና የቀዳዳ ወሰን

ቀዳዳው ከብርሃን መጠን ሌላ የሚወስነው ነገር አለ፤ በሥዕሉ ውስጥ ከየት እስከ የት ጥርት ብሎ እንደሚታይ። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ እንደ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሰፋ ዳሳሽ ባለው ካሜራ ላይ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ያለን ሰው ሲያነሣ በኤፍ/2 ጥርት የሚለው ጥልቀት 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በኤፍ/8 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በኤፍ/16 ወደ 1.8 ሜትር ይደርሳል። አያትና የልጅ ልጅ ፊትና ኋላ ሆነው ከተቀመጡ በኤፍ/2 አንዳቸው መደብዘዛቸው አይቀርም።

እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ በኤፍ/22 ማንሣት ይሻላልን? አይሻልም። ብርሃን ሞገድ ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ይህ ዲፍራክሽን ይባላል። አንዲት ነጥብ በዳሳሹ ላይ የምትፈጥረው ክብ ዲያሜትር 2.44 በሞገዱ ርዝመትና በኤፍ ቁጥሩ ተባዝቶ ይገኛል። የሞገድ ርዝመቱ 0.55 ማይክሮ ሜትር ለሆነ አረንጓዴ ብርሃን፣ በኤፍ/8 ክቡ 11 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን በኤፍ/22 ወደ 30 ማይክሮ ሜትር ያድጋል። የብዙ ካሜራዎች የምስል ነጥብ ከ4 እስከ 6 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ በኤፍ/22 ሥዕሉ በሙሉ ይለሰልሳል። ኤፍ/8 የተወደደው ከሁለቱ ችግሮች መካከል ስለሚገኝ ነው።

የስልክ ካሜራ ያላችሁ ተማሪዎች ቀዳዳችሁ በአብዛኛው የማይለወጥ፣ ኤፍ/1.8 ገደማ መሆኑን ልብ በሉ። የትኩረት ርቀቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቀዳዳው 3.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለናንተ የቀሩት መቆጣጠሪያዎች ጊዜና አይኤስኦ ናቸው፤ ብዙ ስልኮች «ፕሮ» በሚለው ምርጫ ሥር ይፈቅዷቸዋል።

የቅጠል ካሜራ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን ወሎ ላይ አልፏል፤ ላሊበላም ቀለበቱ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ፀሐይን በቀጥታ ለማንሣት ብርሃኗን ወደ አንድ መቶ ሺሕኛ የሚቀንስ ልዩ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ይህም 17 እርከን ያህል ነው። ያለ ማጣሪያ ዐይንንም ዳሳሽንም ይጎዳል።

ይሁን እንጂ ግርዶሽን ያለ ሌንስ ማየት ይቻላል። በቅጠሎች መካከል ያሉ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የፀሐይን ምስል መሬት ላይ ይጥላሉ፤ በግርዶሽ ጊዜ የዛፍ ጥላ በማጭድ ቅርጾች የሚሞላው በዚህ ነው። ኢብን አልሀይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ክሥተት መርምሮ ጽፎበታል። በሌላው ቀን ሁሉ በዛፍ ሥር የምናያቸው የብርሃን ክቦች የፀሐይ ሥዕሎች መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ለመሞከር

አንደኛ፤ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አብጁ፤ የፀሐይን ብርሃን በቀዳዳው አሳልፋችሁ ሁለት ሜትር ርቆ በተቀመጠ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀበሉ። ወደ ፀሐይ አትመልከቱ። የክቡ ዲያሜትር 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዲያሜትሩን ለርቀቱ አካፍላችሁ በፀሐይ ርቀት፣ በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ብታባዙት የፀሐይን ዲያሜትር ታገኛላችሁ፤ ትክክለኛው 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

ሁለተኛ፤ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ጋቢና ግራጫ ካርቶን በአንድ ፀሐይ ላይ ዘርጉ፤ እያንዳንዱ ሥዕሉን እንዲሞላው አድርጋችሁ በአውቶማቲክ አንሡ። ሦስቱም ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ/8፣ 1/500 ሰከንድ አድርጋችሁ ድገሙት። ቀዳዳው በማይለወጥ ስልክ ከሆነ አንድ ቋሚ ጊዜና አይኤስኦ መርጣችሁ ሳትቀይሩ ሦስቱንም አንሡ።

ሦስተኛ፤ በቀትር ፊት ስታነሡ ነጭ ነጠላ ከሰውየው እግር ፊት ለፊት መሬት ላይ አንጥፉ። ከታች የሚነጥረው ብርሃን የዐይንን ጉድጓድ ይሞላዋል። ካልሆነም ወደ ጥላ አስጠጉ፤ አይኤስኦ 200፣ ኤፍ/5.6፣ 1/125 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ወይም ሰዓቱን ምረጡ፤ በሶለል ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ 40 ዲግሪ ገደማ ስለምትሆን ፊትን ከፊት ለፊት ታገኘዋለች።

እነዚህን ሁሉ የሚጠይቀው ግማሽ ደቂቃ ነው። የምታነሡትን ሰው አንዴ ቁሙ ብላችሁ ካስቆማችሁ፣ ያችን ግማሽ ደቂቃ አትንፈጉት። ሥዕሉን በስክሪኑ አይታችሁ ፊቱ ከጠፋም ሌላ ጊዜ አትበሉ፤ እዚያው ሁለት እርከን ጨምራችሁ ድገሙት።